ውኃው ሲሞቅ የሚያመልጠው

ጡረታ የወጣሁ ለት ባልደረቦቼ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ንግግር ተደረገ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሳን። በማግስቱ ማረፍ ነበረብኝ። እኔ ግን ማልጄ ተነስቼ በረንዳ ላይ ወጣሁና ሰማዩን ቀና ብዬ አይቼ፣ "ዛሬ ይሞቃል፤ ጠርሙሶቹ ቶሎ በረዶ ውስጥ ካልገቡ አለቀልን" አልኩ። ልጄ ከውስጥ ሰምታኝ፣ "እማዬ፣ የምን ጠርሙስ? ጡረታ እኮ ወጥተሻል!" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ሳቄ ሲያባራ ግን ሥራዬ እንዲሁ ውስጤ ተቀብሮ እንዳይቀር ፈለግኩ። ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት ለዚያ ነው።

ላፍቶ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ "ውኃ የምትመረምረዋ ሰናይት" ይሉኛል። አልተሳሳቱም። ነገር ግን ከሥራ ዘመኔ የሚበዛውን ያሳለፍኩት ውኃ ውስጥ ያለውን ስፈልግ ሳይሆን ከውኃ የሚያመልጠውን ሳሳድድ ነው። ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ የቅባት ማስለቀቂያ፣ እነዚህን የመሳሰሉ ፈሳሾች ውኃ ውስጥ ሲደፉ አርፈው አይቀመጡም። ከፊላቸው ውኃው ውስጥ ይቀራል፣ ከፊላቸው ተነስቶ ወደ አየር ይገባል። ለውኃው ምን ያህል፣ ለአየሩ ምን ያህል እንደሚደርስ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ሙቀት ነው። ውኃ ሲቀዘቅዝ ይዟቸው ይቆያል፤ ሲሞቅ ይለቃቸዋል። እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ይህን ቀላል ነገር ዘንግተን አንዲት ሴት እንጀራዋ ሲዘጋባት አይቻለሁ፤ ስናስታውሰው የሆነውንም አይቻለሁ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የመጠጥ ውኃ ላይ ነበር። ሰፈር ለሰፈር እየዞርን ከቧንቧ እንቀዳለን፣ ክሎሪኑን እንለካለን፣ ወደሚቀጥለው ሰፈር እንሄዳለን። የጊዜው አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም ከጠዋት እስከ ማታ የሚያሳስባቸው የመኪናው ነዳጅ ነበር። ሥራው ይጠቅማል፤ እኔ ግን ሰለቸኝ። ጎፋ የፍሳሽና የብክለት ላቦራቶሪ ሲከፈት ዝውውር ጠየቅኩ። ደመወዙ ያው ነበር፤ ወረቀቱም ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ክረምቱ አለፈ። በመጨረሻ ተፈቀደልኝና በአዲስ ቀሚስ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ጎፋ ደረስኩ።

በር ላይ የተቀበሉኝ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ ኬሚስት ነበሩ። በነጭ ጋዋናቸው የደረት ኪስ እስክሪብቶና ቴርሞሜትር ጎን ለጎን ይሰካሉ። "እንኳን ደህና መጣሽ" ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አፍንጫቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ሽቶ ተቀብተሻል?"

"አዎ፣ ትንሽ..."

"ሂጂና ታጥበሽ ነይ። ማሽኑ ዛሬ ካንቺ ሌላ የሚያነበው ነገር የለም።"

በእፍረት ቤቴ ተመልሼ ታጥቤ መጣሁ። ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ጋዝ ያለው ውኃ በሁለት ጠርሙስ ቀርቦ ጠበቀኝ፤ አንዱ ከፍሪጅ የወጣ፣ አንዱ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ የዋለ። "ክፈቻቸው" አሉኝ። ቀዝቃዛው ትስስ ብሎ ዝም አለ። ሙቁን ስከፍተው ፊቴንም፣ አዲሱን ቀሚሴንም፣ የተሠራሁትንም ፀጉር አጠበው። ጋሽ ወንድይፍራው አልሳቁም። ፎጣ አቀበሉኝና፣ "በይ እንግዲህ፣ ሥራሽ ይኸው ነው" አሉኝ። ቀሚሴን እየጨመቅኩ ልቤ ሲሞቅ ይታወቀኛል። መሰልቸቴ ያን ቀን አበቃ።

የእሳቸውን አመል ብጽፍ አያልቅም። ሰው ሲያገኙ ከሰላምታ በፊት "ስንት ዲግሪ?" ማለት ይቀናቸዋል፤ ስለ ውኃው መሆኑን የማያውቅ ሰው ትኩሳት የያዘው መስሎት ግንባሩን ይዳብሳል። ቴርሞሜትር ሁለት ሰው ሳያነበው አይመዘገብም፤ አንዱ ያነበበውን ለሌላው አይነግርም። ከሁሉ በላይ የሚቆጡት ግን "የለም" ስንል ነበር። "የለም አትበሉ! አላገኘነውም በሉ። አለመኖርና አለመገኘት ምንና ምን ናቸው?" ይሉን ነበር።

ጠርሙስ መሙላት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠርሙሷ የአውራ ጣት ያህል ናት። ውኃው በጎኗ ተንሸራቶ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ከተንቦጫረቀ የምንፈልገው ነገር ገና ሲቀዳ ያመልጣል። አፏ ላይ ውኃው ጉብ እስኪል ይሞላል፤ ክዳኑ በጉብታው ላይ ይገጠማል። ከዚያ ይገለበጥና በጣት መታ መታ ይደረጋል። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል አረፋ ከታየች ይደፋና እንደገና ይጀመራል፤ ያቺ አረፋ አየር ናትና ከውኃው ትሰርቃለች። ላቦራቶሪ ስንገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ውኃውን ሌላ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሹ እንቀዳዋለን፣ ከላይ አየር እንተውለታለን፣ ጥርቅም አድርገን ዘግተን እናሞቀዋለን። ውስጡ የተደበቀው ነገር ሙቀቱን ሲያገኝ ወደ አየሩ ይወጣል። አየሩን በሲሪንጅ ስበን፣ ውስጡ ያለውን ለይቶ ለሚለካው ማሽን እንሰጠዋለን። ማሽኑ ካገኘ ስክሪኑ ላይ ጉብታ ይሥላል፤ ካላገኘ መስመሩ እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ይቀራል። ያቺ ጉብታ ስትነሳ የሚሰማኝ ደስታ እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ አልቀነሰም።

እቴነሽ ላቦራቶሪያችን የመጣችው በአንድ በጋ ነው። ከላፍቶ ቁልቁል በተከራየችው ቤት የሕፃናት ማቆያ ነበራት። ባንክ የሚሠሩ፣ ሱቅ የሚነግዱ፣ ፋብሪካ የሚውሉ እናቶች ጠዋት ልጆቻቸውን ሰጥተዋት ማታ ይወስዳሉ። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

"ልጆቹ ከምሳ በኋላ ራሳቸውን ያማቸዋል። ያስመልሳቸዋል። አንዳንዱ ሲቀሰቀስ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ይንገዳገዳል" አለች። "ሁልጊዜ አይደለም። ብቻ ሲመጣ ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ምግቧ ነው አለ። ወጥ ቤቴ ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘበትም። ግን ሌላ ምክንያት ከሌለ ይዘጋል ተብያለሁ። እህቴ፣ እኔም የምበላው ያንኑ ነው!"

"ከምግቡ ሌላ የተለየ ነገር አስተውለሻል?" አልኳት።

"የልጆቹ መታጠቢያ ቤት አንዳንዴ ጣፈጥ ያለ ሽታ ይሸታል። የወለል ማጽጃው ነው ብለን ማጽጃውን ቀየርነው። ቀይረነውም ያው ነው።"

ጋሽ ወንድይፍራው ከማሽኑ ጀርባ ቀና አሉ። "ከቤቱ በላይ በኩል ምን አለ?"

ከቤቱ በላይ በኩል የአቶ ታደለ ወርክሾፕ ነበር። አሮጌ የመኪና ሞተር እየገዙ፣ አካሉን ፈታተው፣ ቅባቱን አስለቅቀውና አድሰው ይሸጣሉ። ፍሳሹ ከመሬት በታች በተቀበረ ቱቦ፣ በእቴነሽ ግቢ ሥር አልፎ፣ ወንዙ ውስጥ ይገባል። በማግስቱ ከሰዓት እኔና ጋሽ ወንድይፍራው ሄድን። ከወርክሾፑ አጥር ውጭ ያለውን የቱቦውን መክፈቻ ጉድጓድ፣ ማንሆሉን፣ ስናስከፍት እንፋሎት ፊታችንን መታን። ውኃው ጣት ያቃጥላል። በትንሽ ባልዲ ቀድተን፣ ሙቀቱን ሁለታችንም አንብበን መዘገብን። ጠርሙሶቹን ሞላሁ፣ ገለበጥኩ፣ መታሁ፤ አረፋ አልነበረም። ወንዙ ዳር ቱቦው ከሚወጣበትም ቀዳን፤ እዚያ ሲደርስ ውኃው በርዷል። ሁሉንም በረዶ ውስጥ ከትተን ይዘን ሄድን።

ማሽኑ ያወጣው ጉብታ ትንሽ ነበር፤ ከተፈቀደው በታች። ደግመን ሠራነው። ያው ነው። ጋሽ ወንድይፍራው፣ "በቀዳነው ውኃ ውስጥ ከተፈቀደው መጠን በላይ አላገኘንም" ብለው ጻፉ። የአስተዳደር አለቃችን አቶ ካሳሁን ግን ረጅም ነገር የማይወዱ ሰው ነበሩ። ለወረዳው ሲጽፉ አሳጠሩትና "ብክለት የለም" አሉ። ወረዳው ብክለት ከሌለ የቀረው ምግቡ ነው ብሎ ማቆያውን ዘጋ።

ይህን ያወቅኩት ከቢሮ ሰምቼ ሳይሆን በዓይኔ አይቼ ነው። ወደ ፉሪ በሚወስደው ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳልፍ ከእቴነሽ በር ላይ ጭነት መኪና ቆሟል፤ ትንንሽ ፍራሾች እየተጫኑበት ነው። "ወራጅ!" ብዬ ወረድኩ። እቴነሽ ከፍራሾቹ አጠገብ ቆማለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ሰናይት፣ ማሽናችሁ ይዋሻል?"

"ማሽኑስ አይዋሽም..."

"እንግዲያው የዋሸሁት እኔ ነኝ ማለት ነው" አለችኝ።

አንዲት እናት ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታያለች። ስሟ ፍሬሕይወት ነው፤ ልጇ ናትናኤል ከሁሉም ይልቅ የታመመው ነበር። "ልጄን መርዛብኝ ፍራሽ ትሸጣለች!" ብላ ጮኸች። እቴነሽ ዘወር ብላ እንኳ አላየቻትም። አጎንብሳ የመጨረሻዋን ፍራሽ አነሳች። እኔ በሌላኛው ጫፍ ያዝኩላት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አልሳካ ብሎኛል፤ ማሽን ተበላሽቷል፣ መብራት ጠፍቶ የወር ልፋት ከፍሪጅ ተደፍቷል። እንደዚያች ፍራሽ የከበደኝ ነገር ግን የለም።

በማግስቱ ላቦራቶሪ ስገባ ጋሽ ወንድይፍራው ፍሪጁን ከፍተው ቆመዋል። ከወርክሾፑ ፍሳሽ ናሙና የተረፉትን ጠርሙሶች አንድ በአንድ እየገለበጡ ያያሉ። እሳቸውም እንዳልተኙ ከፊታቸው ያስታውቃል።

"ሰናይት፣ ነይ። ይቺ ምንድን ናት?"

ከማንሆሉ የቀዳሁት ነው። ጠርሙሷ ውስጥ ምስር የምታህል አረፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

"አልነበረችም እኮ! እርስዎም አይተዋል!"

"አይቻለሁ። አልነበረችም።" ድምፃቸው ተለወጠ፤ እንደ ልጅ ሆኑ። "ስንት ዲግሪ ነበር ውኃው ስንቀዳ? እያቃጠለን አልነበር? ሙቅ ውኃ ሲበርድ ይሰበሰባል። ስንከድናት ሙሉ ነበረች፤ በረዶ ውስጥ ስትገባ ጎደለችና አረፋ ያዘች።"

"ታዲያ ይቺን በምታህል አረፋ ይህን ያህል ይጠፋል?"

"አይጠፋም። አረፋዋ ሌባዋ አይደለችም፤ ሌባውን የምትጠቁም ናት! ከባልዲው ወደ ጠርሙስ ስናንቆረቁረው ውኃው ምን ይመስል ነበር?"

"ያጨስ ነበር።"

"ያጨስ ነበር! እኛ የምንፈልገውስ ከጭሱ ጋር አልሄደም? አሠራራችን ለወንዝ ውኃ፣ ለቀዝቃዛ ውኃ የተሠራ ነው። ለሚያቃጥል ውኃ አይሆንም። ጠርሙሳችን የደረሰው ካመለጠ በኋላ ነው።"

ዓይኔ ማሞቂያው ላይ ተተክሏል። በግማሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ከታች ሙቅ ውኃ፣ ከላይ አየር። በየቀኑ የማያቸው ጠርሙሶች ናቸው።

"ጋሽ ወንድይፍራው... ቱቦው!"

"የትኛው ቱቦ?"

"ከግቢዋ ሥር ያለው! ከታች ሙቅ ውኃ ይፈሳል፣ ከላይ ባዶው አየር ነው፣ ዙሪያው ዝግ ነው። እኛ እዚህ የምንሠራውን ወርክሾፑ እዚያ እየሠራው ነው! ቱቦው ራሱ ትልቅ ጠርሙስ ነው!"

"ክዳኑስ የት ነው?" አሉ፣ መልሱን እያወቁት።

"መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ያለው ቀዳዳ!"

ጋሽ ወንድይፍራው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቴርሞሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ትንሽ አዩትና መልሰው ሰኩት። ከዚያ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። "ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? መኪና አስፈቅጂ!"

አቶ ካሳሁን መኪና ሊፈቅዱ አልፈለጉም። "ደብዳቤው ወጥቷል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል። አሁን ተመልሰን ተሳስተናል ልንል ነው?"

ጋሽ ወንድይፍራው አለቃ ፊት ቁጣ አያውቁም፤ በዚያ ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ ተደገፉ። "እኔ 'አላገኘንም' ብዬ ነው የጻፍኩት፣ አቶ ካሳሁን። 'የለም' ያሉት እርስዎ ነዎት። አሁን ልንፈልገው ነው። ብናገኘው የሚያኮራው እርስዎንም ነው።"

አለቃችን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "ለአንድ ቀን ብቻ" አሉና ፈረሙ።

ሙቅ ውኃን ሳያመልጠን ለመያዝ አየር ከማግኘቱ በፊት ማብረድ ነበረብን። ለዚያ የሚሆን ዕቃ ላቦራቶሪያችን አልነበረውም። ጎፋ መንገድ ዳር ወዳለ ፍሪጅ ጠጋኝ ሮጥኩ፤ ቀጭን የመዳብ ቱቦ አለው። በቆርቆሮ ጣሳ ላይ ጠምጥሞ እንደ ስፕሪንግ እንዲያደርግልኝ ለመንኩት። እየጠመጠመ ሰረቅ አድርጎ አየኝ።

"እትዬ፣ አረቄ ልታወጪ ነው እንዴ?"

"ወንድሜ፣ የተገላቢጦሹ ነው። እንዳይወጣብኝ ነው!" አልኩት። አልገባውም፤ ግን አብሮኝ ሳቀ።

ቱቦውን ከነቅባቱ አልተጠቀምንበትም፤ አጥበን፣ አሙቀን፣ ንጹሕ ውኃ አሳልፈን፣ ማሽኑ ሜዳ እስኪሥል ድረስ ፈተንነው። በማግስቱ ማልደን ሄድን። እቴነሽ የቤቱን ቁልፍ ገና አልመለሰችም ነበር። ስናስረዳት በጥርጣሬ አየችን፤ ቢሆንም ከፈተችልን። ጠዋቱ ብርዳማ ነበር። ወርክሾፑ አልጀመረም፤ በቱቦው ውስጥ የተኛው ውኃ የትናንት ነው፣ ቀዝቅዟል። ከውኃውም ቀዳን፤ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ካለው ቀዳዳም አየር በትልቅ የመስታወት ሲሪንጅ ሳብን። ከዚያ ጠበቅን።

"አቶ ታደለ ጋ ሞተሩ የሚታጠበው መቼ ነው?" ብለው ጋሽ ወንድይፍራው ጠየቁ።

"ጠዋት ብረቱን ፈሳሽ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፤ ከምሳ በኋላ ነው በፈላ ውኃ የሚያለቀልቁት። ድምፁ ይሰማል" አለች።

"ልጆቹ ያን ጊዜ የት ናቸው?"

"ተኝተው። እዚህ።" ባዶውን ክፍል አሳየችን። ከመታጠቢያ ቤቱ ጋር በር ያገናኘዋል። "ትንንሾቹ ሽንታቸው ሲመጣ እንዳይቸገሩ በሩን ክፍት እተወዋለሁ..." አለችና ንግግሯን ሳትጨርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሁላችንም ያንን በር እናያለን።

ከምሳ በኋላ ከወለሉ ሥር ጎርጎር የሚል ድምፅ መጣ። መስኮቶቹን ከፍተን እቴነሽን ወደ ውጭ አስወጣናት። እኔ ትንፋሼን ይዤ ገብቼ አየሩን ሳብኩና ወጥቼ ወደ ማንሆሉ ሮጥኩ። ጋሽ ወንድይፍራው እዚያ ሆነው የመዳቡን ጫፍ ከትንሽ የእጅ ፓምፕ ጋር አያይዘው ውኃው ውስጥ አጥልቀዋል፤ ጥምጥሙ በረዶ በሞላበት ባልዲ ውስጥ ነው። በዚያ በኩል የሚያቃጥለው ውኃ በዚህ በኩል በርዶ፣ ሳያጨስ፣ ረጋ ብሎ ጠርሙሱ ውስጥ ገባ። ጉብ አለ። ከደንኩ። ገለበጥኩ። መታሁ። ንጹሕ!

"እልል በይ" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ገና ነው፣ ማሽኑ ይናገር እንጂ።"

ማሽኑም ተናገረ። የጠዋቱ ቀዝቃዛ ውኃ ፈሳሹን እንደያዘው ነበር፤ ከላዩ የሳብነው አየር ግን ትንሽዬ ጉብታ ብቻ ሰጠ። የከሰዓቱን አየር ስሰጠው መስመሩ ተነሳ፣ ተነሳ፣ የስክሪኑን ጣሪያ አልፎ ጠፋ። ጮህኩ! ከሌላው ክፍል ሰው ሮጦ መጣ። "ድገሚው" አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። ደገምኩት፤ ደግሞ አለፈ። በንጹሕ አየር አቀጠንነውና መጠኑን አገኘን። አብርደን የቀዳነው ውኃም መጀመሪያ ካገኘነው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ለማረጋገጥ ያንኑ ውኃ ለሁለት ከፍለን አንዱን በበረዶ፣ አንዱን በቱቦው ሙቀት አቆየነውና የላይ የላዩን አየር ለካን። አንድ ውኃ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ማሽን፤ ልዩነቱ ሙቀት ብቻ። አንደኛው ጉብታ ሌላኛውን እንደ ጉንዳን ኩይሳ አሳነሰው። ጋሽ ወንድይፍራው ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ትከሻቸው ቀና ብሎ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወረዳው ስብሰባ ጠራ። አቶ ታደለ መጡ፣ ወላጆች መጡ፣ አቶ ካሳሁንም ከረባታቸውን አስረው መጡ። እቴነሽ ከኋላ ተቀመጠች። ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አንቺ ተናገሪ። እኔ ስናገር ሰው ይተኛል" አሉኝ።

ተነሳሁ፤ ግን ከእኔ በፊት አቶ ታደለ ቀደሙ። "የእኔ ውኃ ተመርምሮ ንጹሕ ነው ተብሏል። አሁን ደግሞ በየት በኩል ቆሸሸ?"

"አቶ ታደለ፣ ውኃው ንጹሕ የመሰለን እኛ ስንደርስ ነገርየው ወጥቶ ስለሄደ ነው" አልኩ። አዳራሹ አጉረመረመ፤ አልገባቸውም። ጉብታ፣ ሲሪንጅ፣ ክፍፍል ብዬ ብቀጥል እንደማይገባቸው አወቅኩ። ወረቀቴን አስቀመጥኩት። "የትናንት ወጥ ከፍሪጅ ስታወጡት ይሸታል?"

"አይሸትም" አለች አንዷ።

"እሳት ላይ ስትጥዱትስ?"

"ጎረቤት ያውቃል!" አለ አንድ አባት፤ ሰው ሳቀ።

"ወጡ ያው ወጥ ነው። የለወጠው ሙቀቱ ነው። የቅባት ማስለቀቂያውም እንደዚያ ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ቢሆን አብዛኛው ውኃው ውስጥ ተይዞ ይወርድ ነበር፤ ያም ወንዙን ስለሚበክል ደግ አይደለም። በፈላ ውኃ ስለሚለቀለቅ ግን ቱቦው ውስጥ እያለ ወደ አየር ይወጣል። አየሩ መውጫ ይፈልጋል። ያገኘው መውጫ ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል አጠገብ ነው።"

ሳቁ ቆመ። ፍሬሕይወት ብድግ አለች። "ታዲያ ለምን ከምሳ በኋላ ብቻ?"

"የሚለቀለቀው ከምሳ በኋላ ስለሆነ ነው። ልጆቹም በልተው የሚተኙት ያን ጊዜ ነው። በማይታጠብበት ቀን ልጆቹም አይታመሙም። ምግቡ ከሰዓቱ ጋር ገጠመ እንጂ ጥፋት አልነበረበትም።"

ፍሬሕይወት እንደቆመች ቀረች። ቀስ ብላ ወደ ኋላ ዞረች፤ እቴነሽ አንገቷን ደፍታለች። ፍሬሕይወት ተቀመጠች።

አቶ ታደለ ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር። "በታች በኩል ሕፃናት እንዳሉ አላውቅም" አሉ። "ሙቅ ውኃ የበለጠ ያጸዳል ብዬ ነው። ወጪ አውጥቼ ማፍያ የገዛሁት እኮ ንጹሕ እንዲሆን ነው።" የሚዋሹ አልመሰለኝም። ሰብሳቢዋ ሥራው እንዲቆም አዘዙ። እሳቸውም ፈሳሹን ወደ ቱቦ ሳይሆን ወደ በርሜል ሊያጠራቅሙ፣ ማለቅለቂያውንም ሊለውጡ ተስማሙ። ለእቴነሽ ቤትም ውኃ ይዞ አየር የሚያግድ ሲፎን ወለሉ ላይ እንዲገጠም ተወሰነ። እገዳዋ ተነሳ። አቶ ካሳሁን ተነስተው "ላቦራቶሪያችን ሁልጊዜም..." ብለው ንግግር ሲጀምሩ ጋሽ ወንድይፍራው እጄን ጨበጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ። የመዳቡ ጥምጥም የላቦራቶሪያችን ወግ ሆነ። ጋሽ ወንድይፍራው ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸው ለእኔ ደረሰ፤ አዲስ የሚገባውን ሁሉ ሽቶ እያስታጠብኩ አስገባሁ። አሁን ያሉት ወጣቶች ቦታው ላይ የሚያነብ መሣሪያ ይዘው ይሄዳሉ፤ እኛ ለቀናት የምንለፋበትን ወዲያው ያውቁታል። አይቼ እቀናለሁ፣ ደግሞም ደስ ይለኛል። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት የውኃውን ሙቀት ነው።

ከሁሉ የምወደው ቀን ግን ስብሰባው አይደለም፣ ያ ጉብታ የስክሪኑን ጣሪያ ያለፈበትም አይደለም። ማቆያው እንደገና የተከፈተበት ሰኞ ነው።

ሲፎኑ ተገጥሞ ስለነበር አየሩን ለመለካት ማልጄ ሄድኩ። ቤቱ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ፍራሾቹ በከፊል ተመልሰዋል፤ የቀሩት ተሸጠው ነበርና እቴነሽ ምንጣፍ አንጥፋበታለች። ወጥ ቤት ውስጥ የገንፎ ድስት ተጥዷል፤ የትንንሾቹ ሳህኖች ተደርድረዋል። ልጅ ግን የለም። ወረዳው እገዳ ያነሳል፤ እናትን ግን ልጅሽን አምጪ ብሎ አያዝዝም። እቴነሽ ድስቱን ታማስላለች፣ ወደ በር ታያለች፣ ተመልሳ ታማስላለች።

"ከበዛ ለእኔ ትሰጪኛለሽ" አልኳት ለማጫወት።

"ይበዛል" አለች። አልሳቀችም።

የውጩ በር ተንኳኳ። እቴነሽ ማማሰያውን እንደያዘች ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። በሩ ላይ ፍሬሕይወት ቆማለች፤ ናትናኤልን በእጇ ይዛለች። የሥራ ልብሷን ለብሳለች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ፍሬሕይወት ልትናገር አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። እቴነሽ ጎንበስ ብላ የልጁን ጃኬት ቁልፍ አስተካከለችና እንደ ድሮው፣ እንደ ማንኛውም ጠዋት ጠየቀች።

"በልቷል?"

ፍሬሕይወት እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

"አልበላም" አለች። "አንቺ ጋ ይብላ።"